መቀመጥ እምቢ ያለው የአገርነሽ ባል

አገርነሽ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ሌላ ሴት ይዞ አግኝታው አይደለም። ኦይታ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም፤ ገበያ ወርዶ እንኳ ከሴት ጋር ዋጋ መከራከር የሚያፍር ሰው ነው። የጠረጠረችው የብሔራዊ ሸንጎ አባል ሆኖ የተመረጠ ለት ነው።

እውነቱን ለመናገር አመራረጡ ራሱ ያስጠረጥራል። በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ለነሱ አካባቢ ሦስት ዕጩዎች ቀረቡ። አንደኛው ከአርባ ምንጭ የመጣ፣ ኮቱ ላይ የፓርቲ ዓርማ የለጠፈ ባለሥልጣን ነበር፤ እንዲመረጥ የተፈለገውም እሱ ነው። ሁለቱ ሙሽራው ብቻውን እንዳይታይ የተጨመሩ ሚዜዎች ነበሩ። ኦይታ ከሚዜዎቹ አንዱ ነው። ከገረሴ ከተማ በላይ ባለው መንደራቸው ገብስና እንሰት ያለማል፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሷል፤ በጎረምሳነቱ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ስለነበር አማርኛው አያስነቅፍም። እንዴት እንደሆነ ማንም ሳይገባው ሚዜው ሙሽራውን አሸነፈ።

መንደሩ ሲጨፍር አገርነሽ እቤቷ ነበረች።

"ማነው የመረጠህ?" አለችው፣ ጭፈራው አልቆ ሲገባ።

"ሕዝቡ ነዋ።"

"ሕዝቡ የመረጠውን መቼ ሲያገኝ አየህ? እነሱስ ዝም ብለው ያሳለፉህ ለምንድነው? ምን ልትሠራላቸው ነው?"

ኦይታ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እሱም ቢሆን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። እሷ ግን ዝምታውን አልወደደችለትም።

አይፈረድባትም። በዚያ ዘመን ያልጠረጠረ ሰው ካለ ወይ ሞኝ ነው ወይ ራሱ የሚጠረጠረው ሰውዬ ነው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ የሚጸልዩት በየቤቱ ተሸሽገው፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ ነው፤ በር ላይ ኮሽ ባለ ቁጥር ከመካከላቸው ማን እንደተናገረ ለማወቅ እርስ በርስ ይተያያሉ። አገርነሽ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ምክንያት ነበራት። ምክንያቷ ገነነ የሚባለው ታናሽ ወንድሟ ነው።

ገነነ የመንደሩ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ያልተማረውን አሮጊት ሁሉ እናቴ እያለ እየቀለደ ክኒን ያስውጣል። ከምርጫው ሁለት ዓመት በፊት፣ ቆላ ወርደው ሲሠሩ የከረሙ ሰዎች ወባ ይዘው ወጡ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ግን ከባዶ መደርደሪያ በቀር ምንም የለም። ሰው ሞተ። ገነነ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "መድኃኒቱ አርባ ምንጭ ድረስ መምጣቱን በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ" አለ። የነገረው የለም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ላንድሮቨር የደኅንነት ሰዎች ጭኖ መጣና፣ "ለአጭር ጥያቄ ነው፤ ትመለሳለህ" ብለው ከነነጭ ጋወኑ ወሰዱት።

አገርነሽ ቆጮ ጋግራ፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ አርባ ምንጭ ወረደች። በር ላይ ዘብ ያለበትን ግቢ ሁሉ ዞረች። በየበሩ የሚነግሯት አንድ ዓይነት ነው፤ "እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም።" ቆጮውን ሲቀላ መናኸሪያ ለተቀመጠ ዓይነ ስውር ሰጥታ ተመለሰች። ያን ቀን እያለቀሰች አልመጣችም፤ እየተናደደች ነው የመጣችው።

እናም ኦይታ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ፣ ደጃፉ ላይ አቆመችው።

"ሸንጎ ማለት ሚኒስትር የሚጠየቅበት ነው አይደል?"

"ነው። ሕጉ እንደዚያ ይላል።"

"እንግዲያውስ ጠይቅልኝ። መድኃኒታችን የት ገባ? ስለ መድኃኒቱ የጠየቀው ሰውስ የት ገባ?"

"እጠይቃለሁ" አለ ኦይታ።

ለመጀመሪያው ጉባኤ ሄዶ ሲመለስ ግራጫ ሙሉ ልብስና ጥቁር ጫማ አድርጎ፣ ስኳር በፌስታል ይዞ መጣ። ጠየቀ ወይ? አልጠየቀም። "ዘንድሮ ለኛ ዕድል አልደረሰንም" አለ። አገርነሽ ስኳሩን ለጎረቤት ሰጠችው። ልብሱን ግን አንሥታ አሸተተችው፤ የማታውቀው ሳሙና ሸተታት። ሰው በአንድ ጉዞ እንዲህ ከተለወጠ፣ በሁለተኛው ጉዞ ገነነን የማያውቀው ቢሆንስ? አለች በሆዷ።

ሁለተኛው ጉባኤ ሲደርስ የገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ሄዳ ሬዲዮኑ አጠገብ ቆመች። ሬዲዮኑ በሚያምር ድምፅ፣ የተከበሩ የሸንጎው አባላት ስለ ጤና አገልግሎት ጥያቄ እንዳቀረቡና ከሚመለከታቸው ሚኒስትር አጥጋቢ መልስ እንደተሰጣቸው ተናገረ። አጥጋቢ! ከቢሮው የወጣችው ማንንም ሳትሰናበት ነው።

ኦይታ ከተጠበቀበት ቀን ዘግይቶ፣ ፊቱ ከስቶ መጣ። በዚህ ጊዜ ስኳርም አልያዘም።

"ጠየቅክ?"

"ጠየቅኩ።"

"ምን አሉህ?"

"አልመለሱልኝም።"

"ሬዲዮኑ አጥጋቢ መልስ ተሰጠ ብሏል።"

"ሬዲዮኑ ያለውን ሬዲዮኑን ጠይቂ" አለና ዶማውን ይዞ ወጣ። እንዲህ አድርጎ መልሶላት አያውቅም። ሥራ የበዛበት ወቅትም አልነበረም፤ ዶማው ለምን እንዳስፈለገው እግዜር ይወቅ። አገርነሽ ደምድማ ተቀመጠች። አልጠየቀም። ወይም የመድኃኒቱን ጠይቆ የገነነን ዋጥ አድርጎታል። ከዚያ ለት ጀምሮ ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፤ ማታ ግን ጀርባዋን ሰጥታው ትተኛለች። እሱም አስረድቷት አያውቅም። ያ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ ካላመንሽኝ ለምን እደክማለሁ የሚል ኩራት አለበት። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ግማሹን ጥፋት የሠራው ያ ኩራቱ ነው።

እውነቱን ያወቀችው ከማይታመን ሰው አፍ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ጓሮዋ ቁጭ ብላ እንሰት ስትፍቅ ጓድ ብርሃነመስቀል መጣ። ብርሃነመስቀል የፓርቲው ካድሬ ነው፤ ትውልዱ ሰሜን፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ክፉ ቃል ሲወጣው የሰማ የለም። ሰው የሚፈራውም ለዚሁ ነው።

"ወይዘሮ አገርነሽ፣ እንደምን አደሩ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና ወዲያው ምላሷን ነከሰች፤ ለካድሬ የሚሰጥ መልስ አይደለም።

እሱ እንዳልሰማ አለፈው። እንጨት ላይ ተቀመጠና፣ "እንዲያው ባልዎን እርስዎ ካልመከሩት ማን ይመክረዋል?" አለ። "እኛ ደክሞናል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በሚኒስትር ፊት፣ አልቀመጥም ይላል?"

አገርነሽ መፋቁን አቆመች። "ምን አልቀመጥም?"

"አልነገረዎትም?" ብርሃነመስቀል ዓይኖቿን ትኩር ብሎ አያቸው፤ የምታስመስል መስሎታል። ከዚያ ነገራት።

እንዲህ ነበር የሆነው። ኦይታ ተነሥቶ ጠየቀ። ሁለቱንም ጠየቀ፤ መድኃኒቱንም ሰውዬውንም፣ ስሙን ከነአባቱ ጠርቶ። ሚኒስትሩ ረጅም ንግግር አደረጉ። መድኃኒት በመላው አገሪቱ በአግባቡ እየተዳረሰ ነው፤ ስለተባለው ግለሰብ ደግሞ እንዲህ የሚባል ሰው የታሰረበት ቦታ የለም አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢው፣ "ጓድ፣ መልስ ተሰጥቶዎታል፤ ይቀመጡ" አሉት።

"አልደረሰኝም" አለ ኦይታ። እንደቆመም ቀረ።

ሌላ ሰው ስለ መንገድ ጠየቀ፤ ኦይታ ቆሟል። ሌላው ስለ ማዳበሪያ ጠየቀ፤ ኦይታ ቆሟል። አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች አብረውት የመከሩ እንዳይመስል ወንበራቸውን ፈቀቅ አደረጉ። መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው ሳይታሰብ የሻይ ዕረፍት ብለው አወጁ፤ ሰው ሁሉ ሲነሣ ኦይታም ከቆሙት እንደ አንዱ ሆነ። ወደ ሻዩ ሲሄድ ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ ክንዱን ይዘው በሌላ በር አስወጡት።

"ማነው ያቆመህ ብለው ቢጠይቁት፣ በኛ አገር ልማድ ነው አላቸው" አለ ብርሃነመስቀል። "ጠያቂ የሚቀመጠው መልሱን ሲቀበል ነው አለ። እነሱማ ተደራጅቶ የመጣ መስሏቸው ነበር። ደውለው ሲጠይቁኝ፣ እውነት ነው፣ ኋላ ቀር ልማድ ነው ብዬ ያዳንኩት እኔ ነኝ።"

ልማዱ እውነት ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ዱቡሻ የሚባል ሜዳ አለ፤ ጠብ የሚታየው፣ ድንበር የሚለየው፣ የጋራ ጉዳይ የሚመከረው እዚያ ነው። በነሱ ዱቡሻ የጠየቀ ሰው መልስ ተቀበልኩ አልተቀበልኩም ብሎ በአፉ አይናገርም። ከተቀበለ ይቀመጣል። ካልተቀበለ ይቆማል፤ ቀኑ መሽቶ ቢበተኑ እንኳ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደቆመ ይጀምራል። ዱቡሻ ላይ መዋሸት ደግሞ ተራ ነውር አይደለም፤ ልጅና እህል የሚነካ ነገር ነው ብለው ይፈራሉ። ኦይታ የአዲስ አበባውንም ሸንጎ እንደዚያው ነው የያዘው። ሞኝነት ነው በሉት። ሞኝነት ነበር።

አገርነሽ ግን እንሰቱ ላይ አቀረቀረች። ጠይቋል። ቆሟል። ጀርባዋን የሰጠችበትን ማታ ሁሉ አስባ አፈረች።

"ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጋላችሁ?"

"ቀላል ነው። ቅዳሜ ዱቡሻችሁ ላይ ስብሰባ ጠርተናል። እኔ የሚኒስትሩን መልስ ለሕዝቡ አነባለሁ። ባልዎ በልማዳችሁ መሠረት ይቀመጣል። ጉዳዩ ተዘጋ።" ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። "እኔ ለእርስዎ ነው የማዝነው። ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ማጣት ከባድ ነው፣ ወይዘሮ አገርነሽ።"

ማታ ለኦይታ ሁሉንም ነገረችው። "ለምን አልነገርከኝም?" አለች።

"ነገርኩሽ። አልመለሱልኝም አልኩሽ።"

"ቅዳሜ ምን ልታደርግ ነው?"

"መልሱን እሰማለሁ" አለ ኦይታ። ያን ሌሊት ፊቷን ወደ እሱ አዙራ ተኛች፤ እንቅልፍ ግን በዓይኗ አልዞረም። የምትጠረጥረው ነገር ተለውጧል። እስከ ትናንት ባይጠይቅስ የነበረው ፍርሃቷ አሁን ባይቀመጥስ ሆኗል።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ የመጣው ወድዶ ይሁን ተገድዶ አይታወቅም። ድሮ ሴት ዱቡሻ ላይ አትቀመጥም ነበር፤ አብዮቱ ነው የሴቶች ማኅበር ብሎ ያስገባቸው። አገርነሽ ከኦይታ ጀርባ፣ እጅ በሚያደርስ ቦታ ተቀመጠች። እዚያ እንድትቀመጥ ያመላከታት ብርሃነመስቀል መሆኑ ትዝ ያላት ከተቀመጠች በኋላ ነው። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ዛፍ ሥር ቆመዋል፤ ማንም እንዳላያቸው ሆኖ ያያቸዋል።

ብርሃነመስቀል የሚኒስትሩን መልስ በዚያ ለስላሳ ድምፁ አነበበ። መድኃኒቱ ተዳርሷል። እንዲህ የሚባል ሰው የታሰረበት ቦታ የለም። ከዚያ ለዱቡሻው መሪ ለሃላቃ ዳልጮ ቦታውን ለቀቀ። ዳልጮ በዕድሜ ብዛት ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። በበትራቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

"ኦይታ ሆይ፣ በኛ ስም ጠይቀሃል?"

"ጠይቄያለሁ፣ አባቴ።"

"መልሱን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲህ እንደ ሥርዓታችን" አሉና ዳልጮ ራሳቸው ተቀመጡ። ከዚህ አልፈው አልገፉትም። ሽማግሌውም ፈርተው ነበር፤ ፍርሃታቸውን ግን በሥርዓት ሸፈኑት።

ኦይታ በግራጫው ልብሱ እንደቆመ ነው። ጉም ከቆላው እየወጣ ሜዳውን ጫፍ ጫፉን ያዘው። አገርነሽ ቀና ብላ ብርሃነመስቀልን አየችው። እሱ ኦይታን አይመለከትም። የሚመለከተው እሷን ነው።

ያን ጊዜ ገነነን አላሰበችም፤ እሱን ብታስብ ኖሮ እጇ አይዘረጋም ነበር። ያሰበችው ላንድሮቨሩን፣ የዘብ በሮችን፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዞ መዞርን ነው። እጇን ዘረጋችና የኮቱን ጫፍ ይዛ ሳበችው። በኃይል አልነበረም፤ እሷም ሰው እንዳያይባት ፈርታለች።

ኦይታ ዞረ። ያየው ፊቷን አይደለም፤ እጇን ነው። ኮቱን የያዘውን እጇን አየና ተቀመጠ።

ብርሃነመስቀል አጨበጨበ። ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ። ዱቡሻ ላይ ሲጨበጨብ ያን ለት የመጀመሪያው ነው። እንዲህ ሆኖ፣ መድኃኒት ተዳርሷል፤ ገነነ የሚባል ሰው የለም የሚለው መልስ በገነነ መንደር፣ በገነነ እህት እጅ ተቀባይነት አገኘ።

ቤት ሲገቡ ኦይታ ኮቱን አውልቆ ሰቀለው።

"አሁን አመንሽኝ?" አላት።

ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አላነሣውም። ብርሃነመስቀል ቃሉን ጠበቀ፤ ኦይታን የነካው የለም። ለጤና ጣቢያውም አንድ ካርቶን አስፕሪን መጣለት። በሚቀጥሉት ጉባኤዎች ኦይታ እየሄደ፣ እየተቀመጠ፣ እያጨበጨበ ተመለሰ። ሰው ግን በመንገድ ሲያገኘው ንግግሩን ያሳጥራል፤ አንዳንዱ ድሮም የነሱ ሰው ነበር ይላል። አገርነሽ ይህን ስትሰማ፣ አይደለም፣ እኔ ነኝ ብላ መጮህ ያምራታል። ጮሃ አታውቅም።

ግንቦት 83 መጣና መንግሥቱ ወደቀ። ብርሃነመስቀል በየት በኩል እንደሄደ ማንም አላየውም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ደግሞ፣ አንድ ከሲታ ሰው በጭቃው መንገድ ሽቅብ መጣ። ውሻው ጮኸበት። አገርነሽ ከደጅ ሆና አየችውና መጀመሪያ የጠረጠረችው ለማኝ ነው ብላ ነው። ገነነ ነበር።

ያን ቀን የነበረውን ለቅሶና እልልታ መናገር አልችልም። እሱ ግን አላለቀሰም፤ ይስቅ ነበር፤ ድሮም ቀልደኛ አልነበር? ጎረቤት ወጥቶ ሦስቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ኦይታን በክንዱ ያዘው።

"አንተን ነው ላገኝ የፈለግኩት" አለ። "የነበርኩበት ቦታ አንድ አዲስ እስረኛ መጣ። ከጋሞ የመጣ አንድ ሰው ሸንጎ ላይ አልቀመጥም አለ ብሎ አወራን። ሁሉም ሳቀ። እኔ ብቻ ነገሩ ገባኝ፤ ኦይታ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሲጨንቀኝ፣ ኦይታ ቆሟል እላለሁ። ኦይታ እስካልተቀመጠ ድረስ እኔ አልጠፋሁም እላለሁ። እሱ ነው ያኖረኝ።"

ኦይታ መሬት መሬት አየ። ዝም ብሎ ቢያልፍ ይችል ነበር፤ ሊያልፍም ነው። አገርነሽ የባሏን ዝምታ ታውቀዋለች፤ በዚህኛው ዝምታው ለእሷ ሊዋሽላት እንደሆነ አወቀች።

"ተቀምጧል" አለች። "ዱቡሻ ላይ ተቀምጧል። ኮቱን ስቤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

ገነነ እያፈራረቀ አያቸው። "መቼ?"

"በ81። ኅዳር ላይ።"

ጥቂት አሰበ። "እኔ የሰማሁት በዚያው ዓመት ለፋሲካ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ስሰማ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው?"

"ተቀምጦ ነበር።"

ገነነ ሳቀ። ሳል እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ። ኦይታ ውኃ አቀበለው፤ ጠጣና ዓይኑን ጠርጎ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ፤ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ ጠየቀ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገሩም።

ዛሬም ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ገነነ በሳቀ ቁጥር አገርነሽ የያዘችውን አስቀምጣ ጆሮዋን ታቆማለች፤ የያን ቀን ሳቁ ይቅርታ ይሁን አይሁን ከዚህኛው ለማወቅ። እስካሁን አላወቀችም።